በቁመት ልክ የሚቆረጥ መጽሐፍ

የፋሲካ ማግስት ነው። በአቃቂ የቁም እንስሳት ገበያ አካባቢ ቅዳሜ ዕለት የነበረው ግርግር ጠፍቷል፤ የቀረው ፍግ፣ የተበጠሰ ገመድና የተረጋገጠ ሣር ነው። ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር የበግ ቆዳ ተጠቅልሎ ተጥሏል። ጨው አልነካውም። ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል፣ መካከሉ ግን ገና እርጥብ ነው። ቆሜ ሳየው አንዲት እናት ከግቢያቸው ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ትፈልገዋለህ? ውሰደው እባክህ፣ ሳይሸት» አሉኝ። «ድሮ ገና በጉ ሳይገፈፍ ‹ቆዳ አለ?› እያሉ በር ያንኳኩ ነበር። ዛሬ ማን ዞር ብሎ ያየዋል!»

እውነታቸውን ነው። የጥሬ ቆዳ ዋጋ ከወደቀ ሰነባብቷል፤ በበዓል ማግስት ቆዳ ከቆሻሻ ጋር ሲወጣ ማየትም ብርቅ አይደለም። የሚገርመው ይህ የሚሆንበት ቦታ ነው። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ መንደር ነው። በቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ስም የምናውቀው ተቋም የተተከለውም እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በውጭ ገበያ ለእጅ ጓንት የሚፈለግ ነው። ወደ ፋብሪካ ሲገባ በኖራ ይነከራል፣ ጠጉሩ ይለቃል፣ ከዚያ በክሮም ጨው ይለፋል። ከክሮሙ ሲወጣ ውኃ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሙያው ሰዎች «ዌት ብሉ» የሚሉት ይኼንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ጓንት ይሆናል።

ያ ከአጥር ሥር የተጣለ ቆዳ ግን ሌላም መንገድ ነበረው። መጽሐፍ መሆን ይችል ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው፤ ግጥምን፣ የእንጨት ሕትመትንና ጥቅልል ብራናን በአንድ ላይ ስለሚያውል የሠዓሊ መጽሐፍ። የሠዓሊ መጽሐፍ ስል ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ማለቴ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ፣ ከነቆዳው፣ ከነስፌቱና ከነአከፋፈቱ የጥበብ ሥራ የሆነውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከፓሪስ ወይም ከቶኪዮ የሚመጣልን የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ እኩሌታው ቤታችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ብራና አይለፋም። ከጫማ ቆዳ የሚለየው ይህ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያለሰልሰዋል፤ በባህላዊው የእኛ አሠራር ኖራ እንኳ አይገባበትም። ከዚያ ዳር ዳሩን በስቶ ገመድ ያሳልፍበትና በእንጨት መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ገና እርጥብ ሳለ የሥጋውን ወገን በቢላ ይፍቃል፤ ቀሪው ሞራና ስብ በሸካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታሻል። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ገልበጥ አድርጎ ጠጉሩን በስለት ይላጨዋል። ልምድ ያለው እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለቱ ትንሽ ከጠለቀ ቆዳው ይቀደዳል፣ ትንሽ ከሳሳ ደግሞ የጠጉሩ ሥር እንደ ነቁጥ ቀርቶ ቀለም ያስቸግራል። ጥሩ ብራና በጣት ሲነካ አንዱ ወገኑ ከሌላው ይለያል። የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ የሥጋው ወገን ይነጣል። ጸሐፊው በወስፌ መስመር ይጭርበታል፤ ለመጻፊያ የመቃ ብርዕ፣ በቀንድ የተቀመጠ ጥቁር ቀለምና ለቅዱሳን ስም የሚሆን ቀይ ቀለም ያዘጋጃል።

ከዚህ ብራና የሚሠራው ሁሉም መጽሐፍ በሁለት ገበታ መካከል የሚደጎስ አይደለም። እንደ ሰንሰለት እየታጠፈ የሚዘረጋ ሰንሱል የሚባል አለ። ባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የእኛ አገር የብራና ማራገቢያ ይገኛል፤ ታጥፎ ሲቀመጥ እንደ መጽሐፍ፣ ሲዘረጋ ደግሞ ክብ ሆኖ በዙሪያው ቅዱሳን የተደረደሩበት መንኰራኵር ይሆናል። የመጽሐፍ ሠሪን ሁሉ የሚያስቀና ሥራ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ክታቡ ነው።

ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክታብ በመስታወት ውስጥ ተዘርግቶ ማየት ይቻላል። ስፋቱ ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ቁመቱ ግን ወደ ታች ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት የብራና ጭረት ጫፍና ጫፉ በቆዳ ጠፍር ተሰፍቶ ይቀጣጠላል። ከላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ከመካከል ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ ውስጥ ፊት፣ ከታች ደግሞ ዓይን ብቻ የሆነ ሐረግ ይሣልበታል። በመካከል መካከል ግእዙ አለ፤ የሱስንዮስ ጸሎት፣ መፍትሔ ሥራይ፣ መርበብተ ሰሎሞን። ሥዕሉ ጽሑፉን የሚያስጌጥ አይደለም። ከጽሑፉ እኩል ይሠራል፤ ያ ትልልቅ ዓይን የሚመለከተው አንባቢውን ሳይሆን በሕመምተኛው ውስጥ ያለውን መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል።

የክታቡን ታሪክ በሰፊው ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ ነው። ከሁለት የጠልሰም፣ ማለትም የክታብ ሥዕል፣ ባለሙያዎች፣ ከገራና ከገድወን ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ ሥዕልን እንደ መድኃኒት የሚያየው መጽሐፉም በ1997 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከእርሱ ጥናት ውስጥ ለኔ ከሁሉ የገረመኝ የክታቡ ልክ ነው። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ጽፎ በየጸሎቱ መሐል ያስገባል። አንዳንዴም በጉ ራሱ ለሕመምተኛው በታዘዘ መልክ ተመርጦ ይታረዳል፤ ብራናው ከዚያው በግ ቆዳ ይሠራል። እንግዲህ መጽሐፉ ከቆዳው ጀምሮ የአንድ ሰው ነው። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ክታቡ እጅ ሲለውጥ ስሙ ተፍቆ አዲስ ስም ይጻፍበታል። ሙዚየም ውስጥ ያሉ ብዙ ክታቦች ላይ የተፋቀው ቦታ ዛሬም ይታያል፤ ብራናው እዚያ ጋ ሳስቶ፣ ከሥሩ ያለው ቀይ ደብዝዞ።

ቤተ ክህነት ይህን ሥራ ወድዳ አታውቅም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠንቋይና ሥራየኛን አጥብቀው አሳደዋል። ክታቡ ግን በአንገት ተንጠልጥሎ፣ በቆዳ ማኅደር ተሸጉጦ፣ በቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ዘለቀ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ጎንደር ሲደርስ ከብራና መጻሕፍቱ ጋር ብዙ ክታብ ሰብስቦ ሄዷል፤ ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ለአንዲት የጎንደር ሴት ቁመት የተቆረጠ መጽሐፍ በመለያ ቁጥር መጠራቱ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

ግጥማችንስ? የቅኔ ቤት ሕግ የታወቀ ነው። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ለዚያ በዓል፣ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ጉባኤ ይዘረፋል፤ በሌላ ቀን ያንኑ ደግሞ መቀኘት ነውር ነው። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና እስከ ረዥሙ መወድስ ድረስ ተማሪው ማታ ማታ አዲስ እየቈጠረ ለመምህሩ ያቀርባል። ስለዚህ ሁለቱ የድሮ ጥበቦቻችን፣ ክታቡና ቅኔው፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ። አንድ ቅጂ፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን።

ሕትመት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል ሮም ላይ ካሳተመበት ከ1513 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊደላችን ለማያውቀው ሰው መጻፍ ጀመረ። የዚህን ለውጥ ትክክለኛ ምልክት ማየት የፈለገ ሰው አቃቂም ሆነ ቃሊቲ ከየቤተ ክርስቲያኑ በር የሚሸጡትን የኪስ የጸሎት መጻሕፍት አንዱን ይግለጥ። በክታቡ ላይ ቀይ ስም ይጻፍበት የነበረው ቦታ ላይ «እገሌ» ተብሎ ታትሟል። ሁሉም ይገዛዋል፣ ሁሉም የየራሱን ስም በአፉ ይሞላበታል። እዚህ ላይ ማዘን አያስፈልግም፤ ያለ ማተሚያ ቤት ብዙዎቻችን መጽሐፍ የሚባል ነገር በእጃችን ባልገባ ነበር። ብቻ የጠፋ ነገር አለ፤ ጃፓኖች ይህንኑ ነገር እንዴት እንደያዙት ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ከጃፓን ጋር የተያያዘው ወሬያችን አሮጌ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ደርሰው ተመልሰው፣ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ከጃፓን የፈለጉት ፋብሪካና ሕገ መንግሥት ነበር። እኔ ዛሬ የምፈልገው ጥቅልል ነው።

እቴጌ ሾቶኩ የተባለች የጃፓን ንግሥት በ764 እ.ኤ.አ. ዐመፅ ከበረደላት በኋላ አንድ ሚሊዮን ትንንሽ የእንጨት ፓጎዳ እንዲሠራ አዘዘች። በእያንዳንዱ ውስጥ የቡድሂስት ጠባቂ ጸሎት የታተመበት ትንሽ የወረቀት ጥቅልል ተከተተ። ሥራው በ770 አልቆ ለአሥር ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ተከፋፈለ፤ በናራ አጠገብ ባለው ሆርዩጂ ዛሬም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፓጎዳዎች አሉ። በዓለም ላይ በእጃችን ካሉ እጅግ ጥንታውያን የታተሙ ጽሑፎች መካከል ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ክታብ ነው። ተጠቅልሎ፣ በማኅደር ገብቶ፣ እንዲጠብቅ የተሠራ ጽሑፍ። ልዩነቱ የእኛ ለአንዲት ወለተ ማርያም ሲጻፍ የእነርሱ ለመላው መንግሥት አንድ ሚሊዮን ጊዜ መታተሙ ነው።

ጃፓኖች በዚያ አላበቁም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኤማኪ ጥቅልሎቻቸውን ሠሩ፤ ከቀኝ ወደ ግራ በአግድሙ እየተፈታ፣ አንባቢው በሁለት እጁ መካከል አንድ ክንድ ያህል ብቻ እየገለጠ፣ ጽሑፍና ሥዕል እየተፈራረቁ የሚነበብ ታሪክ። የእኛ ክታብ ቁልቁል ይወርዳል፣ የእነርሱ ወደ ጎን ይሄዳል። የእኛ የሚለበስ ነው፣ የእነርሱ የሚነበብ። ቆይቶ የእንጨት ሕትመታቸው ዓለምን አስደነቀ፤ ግን በዚያ ዘመን ሠዓሊው ይሥላል፣ ቀራጩ ይቀርጻል፣ አታሚው ያትማል፣ ነጋዴው ይሸጣል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወጣት ሠዓሊዎች ተነሥተው ራሳችን እንሥላለን፣ ራሳችን እንቀርጻለን፣ ራሳችን እናትማለን አሉ።

ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚሆነው ሺኮ ሙናካታ ነው። ዓይኑ ከመድከሙ የተነሣ ፊቱ ከጣውላው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ይቀርጽ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. የሳቶ ኢቺዬን ረዥም ግጥም ወስዶ ፊደሉንና ሥዕሉን በአንድነት በጣውላ ላይ ቀረጸ፤ የሕትመት ጥቅልልም አደረገው። ፊደሉ የሥዕሉ ሥጋ ሆነ፤ ግጥሙን ሳያነቡ ሥዕሉን፣ ሥዕሉን ሳያዩ ግጥሙን መለየት አይቻልም። ሙናካታ በ1956 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ የሕትመቱን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ጥቅልል፣ ግጥም፣ እንጨት፤ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ።

እኛ ዘንድ እንጨቱ የመጣው ከብራዚል ዞሮ ነው ማለት ይቻላል። ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ሀምቡርግ ተወልዶ፣ ብራዚል ባሂያ ገብቶ፣ የግዛቲቱን ስም ከስሙ ጋር አጣብቆ ሃንሰን ባሂያ ተባለ። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ የእንጨት ሕትመት አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነበሩ። ዘሪሁን በእንጨት ሕትመት ጀምረው ወደ ክታቡ ዞሩ፤ ከሸማኔ ዕቃ የተወሰደ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ጎን ለጎን ደርድረው፣ በላዩ ቆዳ ወጥረው፣ ጠልሰሙን፣ ዓይኑንና መስቀሉን በራሳቸው ቀለም መልሰው ሣሉት። ሥራቸው በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢየናሌ ተሸልሟል። ቁመቱ ረዝሞ ስፋቱ የጠበበ ሥራቸውን ላየ ሰው ክታቡ እንዳልሞተ ግልጽ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በራሱ መንገድ ወደዚያው ምንጭ ወርዷል፤ ከተማሪዎቹ ወገን የሆነው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደሉን ራሱን ከቃል አላቅቆ ሥዕል አደረገው።

ግጥሙንና ሥዕሉን በአንድ ደረት የያዘው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው፣ የብራና ሠዓሊ ነበሩ፤ እርሱ ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ረቂቅ ሥዕልን አስተማረን፣ ግጥምም ጻፈ። የግጥሙ መድበል ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው እርሱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ካረፈ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ገጣሚው ሠዓሊ፣ ሠዓሊው ገጣሚ ነበር። ሆኖም ግጥሙ በገጽ፣ ሥዕሉ በሸራ ቀረ። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ ባለ ብራና አባት፣ ባለ ግጥም ልጅ፣ ያውም ሃንሰን ባሂያ እንጨት ሲያስቀርጽ በዚያው ግቢ ያስተምር የነበረ ሰው!

አሁን ወደ አቃቂ ቆዳ እንመለስና መጽሐፉ እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። ችግሩ ከፊደሉ ይጀምራል። በእንጨት ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ሲታተም ስለሚገለበጥ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። በላቲን ፊደል ይህን መርሳት ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ሳቅ ብቻ ነው። በእኛ ፊደል ግን ትርጉም ይለውጣል። ባ ቀኝ እግሯ ረዥም ነው፤ ቦ ግራ እግሯ። ቀራጩ ሳይገለብጥ ባን ከቀረጸ በወረቀቱ ላይ ቦ ትወጣለች። ሳም ሶ ትሆናለች። የካዕቡ ቅጥያ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ገጣሚውና ቀራጩ ሁለት ሰዎች ከሆኑ ግጥሙን በስስ ወረቀት ጽፎ፣ ፊቱን ወደ ጣውላው ደፍቶ መለጠፍ ግድ ነው፤ የጃፓን ቀራጮች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። መጭመቂያ ማሽን ባይኖርም ችግር የለም። የእንጨት ሕትመት በማንኪያ ጀርባ እየታሸ ይታተማል፤ ጃፓኖች ለዚሁ ባረን የሚባል ክብ ማሻ አላቸው።

ሁለተኛው ችግር ቆዳው ነው። ብራና ወረቀት አይደለም፤ እርጥበት ሲነካው ይሸበሸባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የማተሚያ ቀለም ዘይት ስላለበት ከላይ ይቀመጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ያም ሆኖ የሚቻል ነገር ነው፤ ጉተንበርግ እንኳ ከመጽሐፍ ቅዱሱ የተወሰኑትን ቅጂዎች ያተመው በቆዳ ላይ ነው። የብራና ፋቂው ድንጋይ እዚህ ይጠቅማል፤ ገጹ በደንብ ከታሸ ቀለሙ ይይዛል። ቀይ ቀለሙን ግን ለማተም አልሞክርም። ቀዩ ለስሙ ይቆይ፤ በእጅ፣ በመቃ፣ ለገዢው ፊት ለፊት ይጻፍ።

ሦስተኛው፣ መጽሐፉን እንደ ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ መቁረጡ፣ ከሁሉ የሚያጓጓው ነው። አንዲት 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ብትመጣ እንበል። እያንዳንዱ ጣውላ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ስምንት ጣውላ ይበቃታል፤ ስምንት ጣውላ ስምንት አንጓ ግጥም ነው። ቀጥሎ የመጣው ሰው 1 ሜትር ከ80 ቢሆንስ? ዘጠነኛ አንጓ ያስፈልጋል። ገጣሚው እንግዲህ ከየትኛውም አንጓ ላይ ቢቆረጥ የሚያልቅ፣ ቢጨመርበት የሚቀጥል ግጥም መጻፍ አለበት። ይህ ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ልክ ያውቀዋል፤ ቤቱን ቈጥሮ፣ ለዕለቱ ለክቶ መዝረፍ ሥራው ነበርና።

ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጅ ያድጋል፤ መጽሐፉም ጭረት እየተሰፋበት መቀጠል አለበት። አታሚዎች አንድን ሥራ በተወሰነ ቁጥር ካተሙ በኋላ ጣውላውን በስለት ሰርዘው ዳግም እንዳይታተም የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ቅጂው እንዳይበዛ፣ ዋጋው እንዳይረክስ። በዚህ መጽሐፍ ግን ጣውላውን መሰረዝ አይቻልም። የአምስት ዓመቷ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት አንጓ ጎድሎባት፣ ጥቅልሏን ይዛ ተመልሳ ልትመጣ ትችላለች።